«ኪኒኑን ጣሉት» ላሉት ጸሐፊ፦ የማይንድፉልነስ ሳይንስ ያለውና ያላለው

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቅርብ ወዳጄ ስለ ማይንድፉልነስ፣ ማለትም አሁን ላለንበት ቅጽበት ልብ ስለማለት ልምምድ፣ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ ያሰፈረችው አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፤ «ታዲያ ኪኒኑን ላቁመው?» ወዳጄ ድባቴ በተደጋጋሚ ያገረሸባት፣ አሁን ግን በመድኃኒት ቀና ብላ የቆመች ሰው ናት። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዕር ያስነሳኝ የእሷ ጥያቄ ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ሐሳቡን ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት ማይንድፉልነስ አእምሮን ከሐሳብ ባዶ የማድረግ ጥበብ ነው። በስምንት ሳምንት የአንጎልን ቅርጽ እንደሚቀይር በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በሚያነሣ የምስል መሣሪያ) ተረጋግጧል። ከወገብ ሕመም እስከ ካንሰር ይፈውሳል። የጎንዮሽ ጉዳት የለውም። በየትምህርት ቤቱ ለእያንዳንዱ ልጅ ሊሰጥ ይገባል። የጭንቀትና የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም «ኪኒኑን ጥሎ ወደ ትንፋሹ ይመለስ»። ለዚህ ሁሉ «በሺዎች የሚቆጠሩ ጥናቶች» ምስክር ናቸው ይላሉ።

እኔ የማይንድፉልነስ ተቃዋሚ አይደለሁም። ወገቤን ለዓመታት ሲያመኝ ኖሮ የስምንት ሳምንት የማይንድፉልነስ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ። ዝም ማለት ያልቻልኩትም ለዚህ ነው። የጠቀመኝ ነገር ያልሆነውን ነው ሲባል፣ በመጨረሻ የሚጎዳው ሊጠቀምበት ይችል የነበረው ሕመምተኛ ነው።

ከትርጉሙ ልጀምር፤ ሌላው ስሕተት የሚፈልቀው ከዚህ ነውና። ይህን ልምምድ ከቡድሂዝም ገዳማት አውጥተው ወደ ሆስፒታል ያስገቡት ጆን ካባት-ዚን ናቸው፤ በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሐኪሞች ሊረዷቸው ያልቻሉ፣ ሕመም ሥር የሰደደባቸውን ሰዎች ሰብስበው ማሠልጠን ጀመሩ። እሳቸው ማይንድፉልነስን ሲተረጉሙ ሆን ብሎ፣ አሁን ባለው ቅጽበት ላይ፣ ሳይፈርዱ ልብ ማለት ነው ይላሉ። «ባዶ» የሚል ቃል የለበትም። እኛ ነገሩን «ተመስጦ» ብለን መጥራት ስለለመድን ይሆናል የተምታታው። ተመስጦ በቋንቋችን በሐሳብ መነጠቅ፣ ካሉበት ተወስዶ ሌላ ቦታ መሄድ ነው። ማይንድፉልነስ ደግሞ ካሉበት አለመሄድ፣ ሲሄዱም መሄድን ማወቅ ነው። «ልብ በል» የሚለው የዘወትር አነጋገራችን ከ«ተመስጦ» ይልቅ ይቀርበዋል።

የልምምዱን አካሄድ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ትቀመጣለህ፤ ትንፋሽህን ትከተላለህ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ልብህ ትናንት የተባልከው ነገር ላይ ይሄዳል። መሄዱን ታውቅና ያለ ቁጣ ትመልሰዋለህ። ስፖርቱ ያ መመለስ ነው። ሐሳብ ባይሄድ ኖሮ የሚሠራ ነገር አይኖርም ነበር። ደግሞስ ሐሳብ የማይሄድበት ማን አለ? ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት በ2010 ባሳተሙት ጥናት 2,250 ሰዎችን በየቀኑ በስልካቸው በድንገት እየጠየቁ «አሁን ምን እየሠራህ ነው? ሐሳብህስ የት ነው?» ብለዋቸው ነበር፤ ከመልሶቹ 46.9 በመቶው ሐሳቤ ከያዝኩት ሥራ ውጭ ነው የሚል ሆነ። የሰው አእምሮ ተፈጥሮው ይህ ነው። ታዲያ «ባዶ አድርገው» ብለው የላኩት ሰው በመጀመሪያው ቀን ይሸነፋል፤ ጥፋቱንም በራሱ ላይ ያደርጋል። በሥልጠናችን ላይ «ለእኔ አይሆንም፣ ሐሳቤ አይቆምልኝም» ብለው በሁለተኛው ሳምንት የቀሩ ሰዎች ነበሩ። አብረውኝ ቢቆዩ ኖሮ እያልኩ ዛሬም አስባቸዋለሁ።

አሁን ወደ አንጎሉ። ጸሐፊው ለዚህ ነጥብ ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል፤ እኔም እሰጠዋለሁ። የጠቀሱት ጥናት በእርግጥ አለ። በ2011 ብሪታ ሆልዘልና ባልደረቦቿ የስምንት ሳምንቱን ሥልጠና የወሰዱ 16 ሰዎችን ከሥልጠናው በፊትና በኋላ በኤምአርአይ አነሷቸው፤ ካልወሰዱ 17 ሰዎች ጋርም አወዳደሯቸው። በሠልጣኞቹ ሂፖካምፐስ፣ ማለትም ከትውስታና ከስሜት ጋር በተያያዘው የአንጎል ክፍል፣ ግራጫማው ሕብረ ሕዋስ መጠኑ ከፍ ብሎ ተገኘ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ።

ነገር ግን ቁጥሩን ልብ እንበል፤ አሥራ ስድስት ሰው። እነዚያ ሰዎች ወደ ሥልጠናው የገቡት በዕጣ ተመድበው ሳይሆን በራሳቸው ፍላጎት ነው። ለመለወጥ ቆርጦ የተነሣ ሰው በእነዚያ ስምንት ሳምንታት እንቅልፉንም፣ አካሄዱንም፣ አመጋገቡንም ሊያስተካክል ይችላል። የታየው ለውጥ የማይንድፉልነስ ነው ወይስ የዚያ ሁሉ ድምር? በዚህ መንገድ መለየት አይቻልም።

ጸሐፊው ያልነገሩን ቀጥሎ የሆነውን ነው። በ2022 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የታሚ ክራል ቡድን ሁለት ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ 218 ሰዎችን መረመረ። እነዚህ በዕጣ የተመደቡ ናቸው፤ ከፊሎቹ የማይንድፉልነሱን ሥልጠና፣ ከፊሎቹ በሰዓትና በአሠልጣኝ ትኩረት ከእሱ ጋር የተመጣጠነ ሌላ የጤና ሥልጠና ወሰዱ፤ የቀሩት ምንም ሥልጠና ሳይወስዱ ተራ ጠበቁ። ውጤቱ? በአንጎል ቅርጽ ላይ በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አልታየም። ሂፖካምፐስም ያው ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ከጥናቱ አዘጋጆች አንዱ ሪቻርድ ዴቪድሰን መሆናቸው ነው። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተመስጦ (ሜዲቴሽን) በአንጎል ላይ የሚያደርገውን ሲያጠኑ የኖሩ፣ ራሳቸውም የሚለማመዱ ናቸው። ከሚወዱት ነገር ጋር የማይስማማ ውጤት ሲገጥማቸው አላዳፈኑትም፤ አሳተሙት። ለሳይንስ መታመን ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ይህ ማለት ልምምዱ ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። አዲስ ነገር በተማርን ቁጥር አንጎል አሠራሩን ያስተካክላል፤ ብስክሌት መንዳት የተማረ ሰውም አንጎሉ ይለወጣል። ነገር ግን «በስምንት ሳምንት አንጎልህ ያድጋል» የሚለው ተስፋ ዛሬ ባለን ማስረጃ አይቆምም። ደግሞም ምን ያደርግልናል? ሰውየው ጭንቀቱ ከቀለለለት፣ ሂፖካምፐሱ ቢሰፋ ባይሰፋ ምን ጨመረለት?

«በሺዎች የሚቆጠሩ ጥናቶች» ስለሚባለው። ጥናቶቹ ብዙ ናቸው፤ እውነት ነው። ግን ጥናት ይመዘናል እንጂ አይቆጠርም። በ2014 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የማድሃቭ ጎያል ቡድን ከ18 ሺህ በላይ ጽሑፎችን አበጥሮ መስፈርቱን ያሟሉ ሆነው ያገኛቸው 47 ጥናቶችን ብቻ ነው፤ በድምሩ 3,515 ተሳታፊዎች ያሏቸው። ከእነዚያ የወጣው ብያኔ ግልጽ ነው፤ ጭንቀትን፣ ድባቴንና የሕመም ስሜትን በመጠኑ ይቀንሳል። ለትኩረት፣ ለእንቅልፍና ለክብደት ግን ያኔ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ፣ ከመድኃኒት ወይም ከሌላ የሥነ ልቦና ሕክምና ይበልጣል የሚያሰኝም ነገር አልነበረም።

«በመጠኑ» የሚለው ቃል አንባቢን እንዳያሳዝነው። ለጭንቀትና ለድባቴ ከሚሰጡ ብዙ ሕክምናዎች የሚገኘውም ለውጥ በዚያው ዙሪያ ነው።

ሌላም አለ። በ2016 የወጣ አንድ ግምገማ ተሳታፊዎችን በዕጣ የመደቡ 124 የታተሙ የማይንድፉልነስ ሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። 109ኙ ሕክምናው ይሠራል ብለው ደምድመዋል። ከጥናቶቹ ስፋት አንጻር ይጠበቅ የነበረው ግን ወደ 66 ብቻ ነው። ገምጋሚዎቹ አስቀድመው ከተመዘገቡ 21 ጥናቶች 13ቱ ካበቁ ከ30 ወር በኋላም እንዳልታተሙም አይተዋል። ያልተሳካው ጥናት መሳቢያ ውስጥ ሲቀር የተሳካው አደባባይ ይወጣል። ጸሐፊው ያዩት አደባባዩን ነው።

ስለ ሰውነት ሕመም ጸሐፊው ከተናገሩት ግማሹ ልክ ነው፤ ይህን ስናገር ደስ እያለኝ ነው። በ2016 በዳንኤል ቸርኪን መሪነት የታተመ ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 342 ሰዎች በሦስት ከፍሎ ነበር። ከ26 ሳምንት በኋላ ዕለታዊ እንቅስቃሴያቸው በሚጨበጥ መጠን የተሻሻለላቸው ከማይንድፉልነስ ቡድን 60.5 በመቶ፣ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ከወሰዱት 57.7 በመቶ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ከቀጠሉት ደግሞ 44.1 በመቶ ነበሩ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ወገቡን ይዞ ጫማውን ለማሰር የሚቸገር ሰው ያውቀዋል።

ግን «ፈወሰ» አልተባለም። የእኔም ወገብ ዛሬ ያመኛል። የተለወጠው ሌላ ነው። ሕመም ሲመጣ ብቻውን አይመጣም፤ «አሁንስ አይለቀኝም»፣ «ሥራዬን ላጣ ነው» የሚል ጓዝ ይዞ ይመጣል። ልምምዱ ጓዙን ከሕመሙ ነጥሎ ለማየት ያስችላል። የፋደል ዘይዳን ቤተ ሙከራ በ2011 ይህን የሚመስል ነገር አሳይቷል። አራት ቀን ብቻ የሠለጠኑ 15 ሰዎች እግራቸው ላይ የጋለ ነገር ሲደረግባቸው የሕመሙ ኃይል በ40 በመቶ፣ የሕመሙ ክፋት ማለትም ምን ያህል እንዳስጨነቃቸው ደግሞ በ57 በመቶ ቀነሰ። የበለጠ የቀነሰው ሁለተኛው ነው። (አሥራ አምስት ሰው ጥቂት ነው፤ በጸሐፊው ላይ የመዘዝኩትን መስፈሪያ በራሴም ላይ ልጠቀምበት ይገባል። የወገቡን ጥናት ያስቀደምኩት ለዚህ ነው።)

የልብና የደም ሥር በሽታን አደጋ መቀነስን በተመለከተ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2017 ባወጣው መግለጫ ተመስጦ ከተለመደው ሕክምና ጎን ተጨማሪ ሊሆን ይችላል ብሏል። ተጨማሪ እንጂ ምትክ አላለም። ስለ ካንሰር ረጅም ነገር አልጽፍም። ካንሰር የያዘውን ሰው ጭንቀትና ኀዘን እንደሚያቃልል የሚያሳዩ ጥሩ ጥናቶች አሉ፤ ዕጢውን ያጠፋል የሚል ማስረጃ ግን የለም። በተስፋ መቁረጥ ውስጥ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ከባድ ኃላፊነት ነው።

«የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» የሚለው ደግሞ በግልጽ ስሕተት ነው። በብራውን ዩኒቨርሲቲ የዊሎቢ ብሪተን ቡድን በ2021 ባሳተመው ጥናት የስምንት ሳምንት ሥልጠና የወሰዱ 96 ሰዎችን አንድ በአንድ ጠየቀ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ 58 በመቶው፣ ቢያንስ አንድ ደስ የማይል ነገር እንደገጠማቸው ተናገሩ፤ የጭንቀት መባባስ፣ የቆየ መጥፎ ትዝታ መቀስቀስ፣ ከራስ የመራቅ ስሜት። በአብዛኞቹ አላፊ ነበር። ከ6 እስከ 14 በመቶ በሚሆኑት ላይ ግን መጥፎው ውጤት ቆይቷል። አጥኚዎቹ ይህ መጠን ከሌሎች የሥነ ልቦና ሕክምናዎች ጋር ተቀራራቢ መሆኑን ጠቅሰዋል፤ ስለዚህ ማንም ደንግጦ እንዲሸሽ አልጽፍም። ነገር ግን ከባድ አደጋ ወይም ጥቃት የደረሰበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ከሰውነቱ ጋር ብቻውን ሲቀመጥ፣ ያ ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። ዓይንን ከፍቶ መለማመድ፣ ከትንፋሽ ይልቅ በእግር መዳፍ ወይም በድምፅ ላይ ማተኮር፣ ጊዜውን ማሳጠር ይቻላል። ይህን የሚነግረው የሠለጠነ ሰው አጠገቡ ያስፈልገዋል። «ጉዳት የለውም» የተባለ ሰው ግን ሲከፋበት «የእኔ ብቻ ነው» ብሎ ይደብቀዋል።

ስለ ትምህርት ቤት በአጭሩ። በብሪታንያ ማይሪያድ የተባለው ጥናት በ85 ትምህርት ቤቶች 8,376 ተማሪዎችን ይዞ ይህንኑ ፈተነ። በ2022 የወጣው ውጤት በመምህራን የተሰጠው የማይንድፉልነስ ትምህርት ከተለመደው የማኅበራዊና የስሜት ትምህርት አልበለጠም የሚል ነው። አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው ሄደው አልተለማመዱትም። የሚፈልግ ልጅ ይማር፤ ለሁሉም በግዴታ ይሰጥ የሚለው ግን ማስረጃ የለውም።

አሁን ወዳጄ ወደ ጠየቀችኝ ልመለስ።

ጸሐፊው «ሳይንስ ማይንድፉልነስ ከመድኃኒት እንደሚበልጥ አረጋግጧል» ሲሉ የተመረኮዙት በ2022 በኤሊዛቤት ሆጅ መሪነት የወጣውን ጥናት ይመስለኛል። የጭንቀት ሕመም ያለባቸው 276 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ፤ ግማሾቹ የስምንት ሳምንቱን ሥልጠና፣ ግማሾቹ ኤሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት ወሰዱ። የሕመሙ ክብደት ከ1 እስከ 7 በሚለካበት መለኪያ የሠለጠኑት በ1.35፣ መድኃኒቱን የወሰዱት በ1.43 ቀነሰላቸው። አጥኚዎቹ ሥልጠናው ከመድኃኒቱ «አይተናነስም» ብለው ደመደሙ። እኔም ይህን ሳነብ ተደስቻለሁ፤ መድኃኒት ለማይስማማው ወይም ለማይፈልገው ሰው ሌላ በር ተከፈተለት ማለት ነውና። ይሁን እንጂ «አይተናነስም» ማለት «ይበልጣል» ማለት አይደለም። ምንም ያልተደረገለት ሦስተኛ ቡድንም አልነበረም። ሥልጠናው ደግሞ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል ክፍል፣ በየቀኑ 45 ደቂቃ የቤት ልምምድ፣ አንድ ሙሉ ቀንም በጋራ መቀመጥ ነው፤ ጸሐፊው የመከሩን የአምስት ደቂቃ ትንፋሽ አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ ጥናቱ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው በድንገት ቢያቆም ምን ይሆናል ብሎ አልጠየቀም።

መድኃኒትን ስለ መተው የጠየቀ ጥናት ሌላ ነው፤ ለወዳጄም የሚሆናት እሱ ነው፤ መነሻውን ላስቀድም። ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲስዴል ድባቴ ለሚያገረሽባቸው ሰዎች ብለው ማይንድፉልነስን ከአስተሳሰብ ሕክምና ጋር አዋሕደዋል። መነሻቸው ይህ ነበር፤ ድባቴ ደጋግሞ የያዘው ሰው ትንሽ ሲከፋው ጥንት የነበሩት ሐሳቦች ተከትለው ይመጣሉ፤ «እኔ አልረባም»፣ «ያው ሊጀምረኝ ነው»። እነዚያን ሐሳቦች ማብሰልሰል ሰውየውን መልሶ ወደ ጉድጓዱ ይጥለዋል። ማብሰልሰሉ ገና ሲጀምር ልብ ብሎ «ይህ ሐሳብ ነው፤ እውነት መሆኑ አይደለም» ማለት ከተቻለ መንገዱ ይቆረጣል። በ2000 ባሳተሙት የመጀመሪያ ጥናት 145 ሰዎች ነበሩ። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ድባቴ ከያዛቸው መካከል በተለመደው ሕክምና ከቀጠሉት 66 በመቶ፣ ሥልጠናውን ከጨመሩት ግን 37 በመቶ ብቻ አገረሸባቸው። ሁለት ጊዜ ብቻ ለያዛቸው ጥቅሙ አልታየም። መሣሪያው ለማን እንደሚሆን ከመጀመሪያው ተለይቶ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ በ2015 የዊለም ከይከን ቡድን እንደ ወዳጄ ያሉ፣ ማለትም ቢያንስ ሦስት ጊዜ የያዛቸውና ፀረ ድባቴ መድኃኒት እየወሰዱ ያሉ 424 ሰዎችን ያዘ። ግማሾቹ መድኃኒታቸውን ቀጠሉ፤ ግማሾቹ ሥልጠናውን እየወሰዱ መድኃኒቱን በሐኪም ድጋፍ ቀስ በቀስ እንዲቀንሱ ወይም እንዲያቆሙ ተረዱ። በሁለት ዓመት ውስጥ ካሠለጠኗቸው 44 በመቶ፣ መድኃኒቱን ከቀጠሉት 47 በመቶ አገረሸባቸው። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የሚቆም አይደለም። ከዚህ የምናነበው ሁለት ነገር ነው። ሥልጠናው ከመድኃኒት እንደሚበልጥ አልተረጋገጠም፤ ነገር ግን መድኃኒቱን በሥርዓት መተው ለሚፈልግ ሰው ተስፋ ያለው መንገድ ነው። «በሥርዓት» የምትለው ቃል ደግሞ የጥናቱ አካል ነበረች። እነዚህ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭት፣ በጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ያለ ስሜት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ከዚያም በላይ ሕመሙ ራሱ ሊያገረሽ ይችላል፤ ድባቴ ሲያገረሽ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የሚጠየቀው ዋጋ ሕይወት ነው።

ለወዳጄ የመለስኩላት ይህን ነው፤ ኪኒኑን እንዳታቆሚ፤ ሥልጠናው ካማረሽ ጀምሪ፤ መቀነስ ከፈለግሽ ግን ጥያቄውን መድኃኒቱን ላዘዘልሽ ሐኪም አቅርቢ። ለሚቀጥለው ቀጠሮዋ ጥያቄውን በወረቀት ጽፋ ይዛለች።

ለጸሐፊው ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ስለ አንጎሉ የጻፉትን ቢተዉት ግድ የለኝም፤ ጊዜ ያርመዋል። «ኪኒኑን ጥሎ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግን ዛሬውኑ ያውጧት። በምትኩ «መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቋርጡ» ብለው ይጻፉ። ጽሑፍዎን የሚያነበው ማን እንደሆነ፣ በምን ሌሊት እንደሚያነበው አያውቁም።